የበለስ ወተትና የኬራጻ ክንድ

በባሕር ዳሯ መንደራችን በፕሪስታን እትዬ ኬራጻ ጀርባውን ያላየችው ሰው ቄሱ ብቻ ናቸው ይባል ነበር። ውሸት ነው። እሳቸውም አንድ ክረምት አልማዝ ባለጭራ ከወገባቸው እስከ እምብርታቸው ተጠምጥሞባቸው በጤና ኬላው ጓሮ በር ገብተዋል። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

ስታማታ እባላለሁ። የጤና ኬላችን ጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ወለል እወለውላለሁ፣ ፋሻ አጥባለሁ፣ ተራ አስይዛለሁ፣ ሲያስፈልግም ሰው እሰድባለሁ። ኬራጻ ጤና ረዳት ነበረች። ሐኪሙ ከከተማ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ይልና ፈርሞ፣ የተጠበሰ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል፤ በመካከል ያለው ቀን ሁሉ የእሷ ነው። አጭር፣ ደንደን ያለች፣ መነጽሯን በዓሣ ማጥመጃ ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት፣ “የመንደሩን ወንድ ገላ ሁሉ አይቼ ጨረስኩ፣ ምን ቀረኝና?” ትላለች።

እሷ ዘንድ ከሚመጣው በሽተኛ ግማሹ የሚያሳየው ሽፍታ ነው። በእኛ ባሕር ዳር ጨውም፣ ጸሐይም፣ ዓሣም፣ ድመትም መጨረሻቸው የሰው ቆዳ ላይ ነው። የኬራጻ አሠራር ደግሞ ለየት ይል ነበር። ሽፍታውን ቀድማ አታይም። ሰውየውን ታስቀምጥና መጀመሪያ እጆቹን እያገላበጠች “ከትናንት ወዲያ ምን ነካህ?” ትላለች። ትናንት አይደለም፣ ከትናንት ወዲያ። “ቆዳ ሰነፍ ጸሐፊ ነው፤ የዛሬውን ጉዳይ ከነገ ወዲያ ነው የሚመዘግበው” ትል ነበር።

በዚህች ጥያቄ ስንቱን አወጣችው! አንድ ሰሞን ሰባት ልጆች ግራ ጉንጫቸው ላይ ክብ ክብ ጭርት ይዘው መጡ። ሁሉም ግራ ጉንጭ። እናቶቹ ውሃው ነው፣ ትምህርት ቤቱ ነው እያሉ ተንጫጩ። ኬራጻ “ማንን አቅፋችሁ ነበር?” ብላ ልጆቹን ጠየቀች፤ አንዲት ግልገል ድመት ኖራለች፣ ሁሉም በግራ ትከሻቸው ነው የሚያቅፏት። “በሉ በሽተኛዋን አምጡልኝ” አለችና ከሰባቱ ልጆች በፊት ድመቷን ቀባቻት። ዮርጎ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ጣቱ ወይን ጠጅ መስሎ አብጦ ሲመጣ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ “ባለፈው ሳምንት የዓሣ እሾህ ወግቶህ ዝም ያልከው ነው” አለችው። ሰውየው አማተበ። እምብርቱ ሥር ቀልቶ የሚያሳክከውን ጎረምሳ ቀበቶውን አስፈታችና “የዘለበቱ ብረት ነው ጠላትህ፤ ሸሚዝህን አስገባበት” ብላ ያለ መድኃኒት ሸኘችው። በጸሐይ የተጠበሱ የበጋ እንግዶች ጀርባቸውን እርጎ ለቅልቀው ሲመጡ “እርጎውን ከኪያር ጋር ብሉት፣ ለጀርባችሁ ቀዝቃዛ ውሃና ጥላ ይበቃዋል” ትላቸዋለች።

ቀልዷ ይብዛ እንጂ ልቧ ለስላሳ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት በጣቶቿ መካከል እከክ ይዟት በኀፍረት ልትሞት ደረሰች። ኬራጻ የበሽታውን ስም እንኳ አልጠራችም። የድኝ ቅባት ለቤተሰቡ ሁሉ መጥና ሰጠቻትና “ሁላችሁም በአንድ ቀን ተቀቡ፣ የአልጋ ልብሱን ቀቅሉት፣ ብዙ ሰው ይይዘዋል” አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አንቺ ምንም አልሰማሽም” አለች። አልሰማሁም። እስከ ዛሬም አልሰማሁም።

ይህቺ ሴት ናት እንግዲህ የሰውን ልጅ ከአባቷ እጅ ያስወሰደችው።

ያን ለማውራት አንድ የቆየ ነገር ማንሳት አለብኝ። እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ተሰብሮና በልዞ ወደ እሷ መጥቶ ነበር። አባትየው ሦስቱንም ጊዜ “ከደረጃ ወደቀ” አለ። እሷም ሦስቱንም ጊዜ “ወደቀ” ብላ ጻፈች። ከዓመት በኋላ ለክትባት በዚያ ሰፈር ስታልፍ ቤታቸውን አየችው። ደረጃ የሌለው፣ ከመሬት ጋር የተኛ ቤት ነው። ልጁ ያን ጊዜ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። ይህን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ዓይኔን ሳታይ።

ቪቶሚር ወደ እኛ የመጣው ከሰሜን፣ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ካሉት ቀዝቃዛ መንደሮች ነው። በር የሚሞላ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። አራት ዓመት የሞላት ልጁ ኔቬና ሳል አልለቅ ብሏት የባሕር አየር ይሻላታል ስለተባለ ብቻ ቤቱን ትቶ መጣ። ክረምቱን መረብ ሲጎትት ከረመ፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው በለስ መላጥ ጀመረ። ሰኔ ሲሆን እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ከዛፉ ጥሬ በለስ እየለቀመ ይልጣል፤ ሴቶቹ በስኳር ውሃ ቀቅለው ማርማላታ ያደርጉታል። በለሱ ያልበሰለ ስለሆነ ሲላጥ ነጭ ወተት ያዘንባል። እኛ እዚህ የተወለድነው ገና በልጅነታችን እጃችንን ዘይት ቀብተን መቀመጥ ተምረናል። ቪቶሚርን ግን ማን ያስተምረው? በሰሜን በለስ የለም። እኛም ደግሞ ለባዳ ምክር ቸር አልነበርንም።

እንዲያውም ክፉ ነበርን። እኔ ራሴ ዳቦ ቤት ተሰልፌ “ሚስቱ ምን ሆና እንደሞተች ማን ያውቃል” ብያለሁ። ያልኩት በቃ ዝምታው ስላልጣመኝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግስቱ ያው ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ለእኔው ተነገረኝ፣ ሚስቱን እንደሚደበድብ ታውቆ አድሮ።

ማክሰኞ ቀን የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት ኔቬናን ይዛ እየሮጠች መጣች። ለቀትር እንቅልፍ ልብሷን ስታወልቅላት ነው ያየችው። ልጅቷ እንደ ጫጩት አጥንቷ የሚቆጠር፣ ሳቂታ ነገር ናት። ኬራጻ ሸሚዟን አነሳችላት። በሁለቱም ብብቷ ሥር እስከ ጀርባዋ ድረስ የሰው ጣት ነበር። አምስት በዚህ፣ አምስት በዚያ፣ ቀይ፣ ጠርዙ የተሰመረ፤ አንደኛው ጣት ላይ ውሃ ቋጥሯል። የትልቅ ሰው እጅ።

“ማነው እንዲህ ያደረገሽ የኔ እናት?” አለቻት።

“አባዬ አነሳኝ” አለች ኔቬና።

“አመመሽ?”

“አሁን ያቃጥለኛል።”

የኬራጻን ፊት አየሁት። ያንን ደረጃ የሌለውን ቤት እያየች እንደነበር አሁን አውቃለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለሁሉም የጠየቀችውን ጥያቄ ያን ቀን አልጠየቀችም። ቁጭ ብላ “በሁለቱም ጎን የጣት ምልክት፣ በኃይል የተያዘ ወይም የተቃጠለ” ብላ ጻፈች፣ ማህተሙን መታች፣ ስልኩን አነሳች። ከሰዓት በኋላ ከከተማ የሕፃናት ጥበቃ ሰዎች በነጭ መኪና መጡ።

ቪቶሚር ከወደብ ሲደርስ ልጅቷ መኪናው ውስጥ ነበረች። ይጮሃል፣ ይሰብራል ብለን ሁላችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን። አልጮኸም። የመኪናውን መስኮት ይዞ ከልጅቷ አጠገብ ለተቀመጠችው የጥበቃ ሠራተኛ “ዓሣ አትበላም፣ እሾሁን ስለምትፈራ ነው። ካወጣችሁላት ትበላለች” አላት። ከዚያ መኪናው ሄደ። እኔም “አይ ተዋናይ” አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ ዕለት ልጅቷ የገባችበት የሕፃናት ማረፊያ ሰዎች ደውለው ልጅቷ ልብስ እንደሌላት ነገሩን። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጉባኤ ተቀምጦ ለአባትየው ትመለስ ወይስ ሌላ ቤተሰብ ያሳድጋት የሚለውን ይወስናል። ፖሊሱ እስከዚያ ወደ ልጅቷ እንዳይቀርብ አስጠንቅቆታል። ልብሱን ለመውሰድ ሌላ ሰው ስለጠፋ ኬራጻና እኔ ሄድን።

ግቢው ውስጥ ቪቶሚር በርሜል ላይ ተቀምጦ በለስ ይልጣል። ሦስት ባልዲ ሙሉ። ሲያየን ቆመ፣ ወንበር አመጣልን፣ ሳንጠይቀው የልጅቷን ልብስ አጥፎ ካስቀመጠበት ሻንጣ ጋር አቀረበልን። ኬራጻ ሻንጣውን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ እጁን አየችው። መዳፉ በደረቀ ወተት ተጣብቆ ጠቁሯል፤ በጣቶቹ መካከልና በመዳፉ ጀርባ ላይ ቆዳው ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ ነበር።

ሻንጣውን ለቀቀችው። መሬት ወደቀ።

“ዘይት አትቀባም እንዴ?”

“የምን ዘይት?” አለ።

“ባለፈው እሑድ ምን ስትነካ ነበር?”

“እሑድ? በለስ ነበር ስልጥ። እዚሁ።”

“ልጅቷስ?”

“እዚህ ነበረች። ወደ ጉድጓዱ ሮጣ ክዳኑ ላይ ወጣች፤ ክዳኑ ሳንቃ ነው፣ በስብሷል። ደርሼ በብብቷ አፈፍ አድርጌ አነሳኋት። ከዚያ እንዳትሄድብኝ እዚያ ገንዳው አጠገብ አስቀመጥኳት፤ በውሃ ስትጫወት ዋለች።”

“ልብስ ለብሳ?”

“በሙታንታ ነበረች። ሙቀት ነበራ።”

“ጸሐይ ላይ?”

“ጸሐይ ላይ።” ሰማዩን ቀና ብሎ አየና፣ “ክፉ ነገር ነው እንዴ ጸሐይ?” አላት።

ኬራጻ ወንበሩን ትታ አንድ ባዶ ባልዲ ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። “ስታማታ፣ ውሃ” አለችኝ። ውሃውን ሳመጣላት አልጠጣችውም፣ ፊቷ ላይ ደፋችው። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። በየሰኔው ሁለት ሦስት ኮረዶች ቶሎ ለመጥቆር ብለው የበለስ ቅጠል ቀቅለው ገላቸውን ይቀቡና ጸሐይ ላይ ይንጋለላሉ፤ በሁለተኛው ቀን እንደ ድንች ተልጠው እየጮኹ ይመጣሉ። የበለስ ወተት ብቻውን ከዋለበት ቆዳ ይልቅ በወተቱ ላይ ጸሐይ ያገኘው ቆዳ ነው የሚነደው፣ ያውም ዘግይቶ። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው በባሕሩ ዳርቻ የለም። ኮረዶቹን ስታስታምም የኖረች ሴት፣ ነገሩን በአምስት ጣት ቅርጽ ስታየው አላወቀችውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አንዳንዱ ግን ሲፈስ አይለቀምም።

“ቪቶሚር” አለችው፣ “ልጅህን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። አልጠየቅሁህም።”

ሰውየው ወንበሩን መልሶ አጠገቧ አቀረበላት። “እርስዎማ ለእሷ ብለው ነው” አለ። ቢሰድባት በተሻላት ነበር።

ከጤና ኬላው ደወለች። የጥበቃ ክፍሏ ኃላፊ ወይዘሮ ዶብሪና ድምፅዋ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

“ማክሰኞ በማህተም ‘የጣት ምልክት’ ብለው ጻፉልኝ። ዓርብ ደውለው ‘በለስ ነው’ ይሉኛል። በማክሰኞዋ ልመን ወይስ በዓርቧ?”

“በዓርቧ።”

“ሰውየው አስፈራርቶዎት ይሆን?”

“እሱ? ወንበር ነው ያመጣልኝ።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ በወንበር ልጅ አልመልስም። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ጉባኤው አለ። የሚታይ ነገር ካለዎት ይዘው ይምጡ።”

ስልኩን ዘጋች። ለረጅም ጊዜ ክንዷን ስታይ ቆየች። ከዚያ “ስታማታ፣ ነገ ጠዋት ጥሬ በለስ ልቀሚልኝ፣ ከወተቱ ጋር” አለችኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቪቶሚርን ጤና ኬላው በር ላይ አስቀምጣ አንድ ሳህን በለስ አስላጠችው። እጁ ነጭ እስኪሆን ጠበቀችና ሁለት እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን ዘረጋችለት።

“እጅህን አሳርፍብኝ። ልጅቷን እንዳነሳሃት አድርገህ ጨብጥ።”

“አላደርገውም” አለ።

“ለምን?”

“እትዬ፣ በዚህ እጅ ምክንያት ልጄን ወሰዱብኝ። አሁን ደግሞ እርስዎን ላቃጥል?”

“አዎ፣ አቃጥለኝ።”

“እናቴን የሚያህሉ ሰው!”

“እናትህን የምታህል ሰው ናት ልጅህን ያስወሰደችብህ። ይልቅ ቶሎ በል፣ ጸሐይዋ እየጠነከረች ነው።”

ቀኝ ክንዷን ያዘ፣ ቀጥሎ ግራውን። በጣም ቀስ ብሎ ነው የያዛት፣ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው። “ጠበቅ አድርግ” እያለች ትቆጣዋለች። ግራ ክንዷን ወዲያው እኔ በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት፣ ብርሃን እንዳይነካው። ቀኙን እንደተገለጠ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ጸሐይ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ተቀመጠች።

ቅዳሜ ስለነበረ ያላለፈ ሰው የለም። ዮርጎ መረቡን ተሸክሞ ቆመና፣ “እትዬ ኬራጻ፣ በስተርጅና ለባል ነው የምትጠቁሪው?” አላት።

“ለቀብርህ ነው። ዞር በል፣ ጸሐዬን ጋረድከኝ።”

“ቅዱሱ ሰውዬስ ለምን ቆሞልሻል?” አለ ቪቶሚርን በአገጩ እየጠቆመ።

“ይህ ሰውዬ ልጁን አልነካም። የነካኋት እኔ ነኝ፣ በብዕር። ሂድና ለሁሉም ንገር፤ ወሬ መሸከም ከመረብ ይቀልሃል።”

ዮርጎ ሳቁን ዋጠ። እኔም ዳቦ ቤት ሄጄ፣ ተራ ሳልይዝ፣ ያልኩትን ሁሉ ውሸት ነው ብዬ ተናገርኩ። ማንም አላመሰገነኝም፤ የሚገባኝም አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ክንዷን አየነው። ምንም የለም። እሑድ ማታም ምንም የለም። “ደርቆ ይሆናል ወተቱ” አልኳት። “ቆዳዬ አርጅቶ ይሆናል” አለች። ሰኞ ትንሽ ይለበልባታል፣ ቀለል ያለ መቅላት አለ፣ ግን ጣት የሚመስል ነገር አይታይም። የዚያን ቀን በየበሽተኛው መካከል እጅጌዋን እየገለጠች ክንዷን ታያለች። ማታ ላይ “ስታማታ፣ ካልወጣ ልጅቷ ትቀራለች” አለችኝ። እኔ ወለል ጠራጊ ነኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ በሬን ደበደበችው። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች መንገድ ላይ ቆማለች። “እይ!” አለችኝ። ቀኝ ክንዷ ላይ አውራ ጣቱ በዚህ በኩል፣ አራቱ ጣቶች በዚያ በኩል፣ ቀይ፣ እንደተሣለ፤ ሁለቱ ጣቶች ላይ ውሃ ቋጥሯል። ግራ ክንዷ ንጹሕ ነው። አምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ መንገድ መሃል ትዘላለች። ያን ቀን እንዳየሁት ያለ ቆንጆ ሽፍታ አይቼ አላውቅም።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ሦስታችን ሄድን። ቪቶሚር የሠርግ ሸሚዙን መሰለኝ የለበሰው፣ አንገቱ አልዘጋ ብሎታል። ጉባኤው ሦስት ሰው ነበር፤ ወይዘሮ ዶብሪና፣ አንድ ዳኛ ነገር፣ አንድ ሸበቶ የሕፃናት ሐኪም። ኬራጻ መናገር ሳትጀምር እጅጌዋን ሰበሰበች።

“ማነው የመታዎት?” አለ ሐኪሙ ደንግጦ።

“ማንም አልመታኝም። እኔው ለምኜ አስይዤው ነው። ይህኛው ጸሐይ ያየው ክንዴ ነው፣ ይህኛው ያላየው። እጁ አንድ ነው፣ ወተቱ አንድ ነው።” ቪቶሚርን ጠራችው። “እጅህን አስጠጋ።” አስጠጋ። ጣት በጣት ላይ ገጠመ።

ሐኪሙ መነጽሩን አውጥቶ በጣም ተጠጋ። እሷም ቀጠለች። “ምት ቢሆን ኖሮ ሰማያዊ ይሆን ነበር፣ ሲሰነብት አረንጓዴ ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠፋል። ሲጫኑት ያማል። የበለስ ቃጠሎ ግን ወደ ቡናማ ነው የሚለወጠው። ልጅቷን አሁን ይመልከቷት፤ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ቡናማ ካልሆነ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ካገኙበት፣ እኔን ውሸታም በሉኝ።”

ልጅቷ ወዳለችበት ክፍል ሄዶ አያት። ተመልሶ ሲመጣ “ቡናማ ነው። አያማትምም” አለ። ቀስ ብሎም “እኔም ያን ማክሰኞ ባየው እርስዎ የጻፉትን ነበር የምጽፈው” አላት።

“እርስዎ የበለስ አገር ሰው አይደሉም” አለች ኬራጻ። “እኔ ነኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ወረቀት ስጡኝ፣ በእጄ ልጻፈው።”

ወይዘሮ ዶብሪና “ይህ በእርስዎ መዝገብ ላይ እንደሚገባ ያውቃሉ?” አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፣ ሥራዋ ነው።

“አውቃለሁ። ብቻ መጀመሪያ ልጅቷን ፍቱልኝ።”

ጻፈች፣ ፈረመች፤ ጉባኤውም ልጅቷ ለአባቷ እንድትመለስ ወሰነ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በኋላ መጥቶላታል። አንብባ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ደግሞ አላነሳችውም። እዚያው ሳለን ለልጅቷ ምን እንደሚደረግላት ለሐኪሙ ነገረችው። ውሃ የቋጠረው እንዳይፈነዳ፣ ዚንክ እንዲቀባ፣ እስከ መስከረም ያ ቦታ በልብስ እንዲሸፈን፣ ቡናማው እየቆየ ራሱ እንደሚጠፋ። ሐኪሙ እንደ ተማሪ ጻፈው።

በሩ ተከፈተና ኔቬና ገባች። ሻንጣዋ ገና እኛው ዘንድ ስለነበር የማረፊያውን ሰማያዊ ቀሚስ አልብሰዋታል፣ ረዝሞባት ትረግጠዋለች። አባቷን ስታይ ሮጠችና እግሩ ሥር ቆማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ቪቶሚር አላነሳትም። ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

“አባዬ” አለች።

“አለሁ የኔ ዓለም። ቆይ ትንሽ” አለ። እጁን ግን አላወጣም። ያ ግዙፍ ሰውዬ ግድግዳው ጋ ተለጥፎ ከአራት ዓመት ልጅ እጁን ያሸሻል። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። እኔ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

“ቪቶሚር!” አለች ኬራጻ። “ልጅቷ እጇ ደከመ እኮ።”

“ሦስቴ ታጥቤያለሁ እትዬ። ግን ማን ያውቃል” አለ። “ወተቱ ቢኖርበትስ?”

ኬራጻ ሄዳ ከኋላው አንድ በአንድ እጁን ፈልቅቃ አወጣች። መነጽሯን አድርጋ በየጣቱ መካከል አየች። ከዚያ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው፣ መዳፉንም፣ ጀርባውንም፣ እናት ከማዕድ በፊት እንደምታደርገው።

“ሳሙና ብቻ ነው። አንሳት” አለችው።

አነሳት። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ፊቱን አንገቷ ውስጥ ቀብሮ ነበር። ኔቬና በአባቷ ትከሻ ላይ አገጯን አስደግፋ ወደ እኛ ስታይ፣ ዓይኗ የኬራጻ ክንድ ላይ ቆመ። አምስቱን ጣቶች አንድ በአንድ አየቻቸው።

“አንቺንም አባዬ አነሳሽ እንዴ?” አለቻት።

ኬራጻ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

“አዎ የኔ እናት” አለቻት፣ “እኔንም አነሳኝ።”